ከቀብር በፊት ያሉት ዓመታት



እኛ ኢትዮጵያውያን ለሞት ተደራጅተናል። ሰው ባረፈ በሰዓታት ውስጥ ድንኳን ይተከላል፤ ወንበሩ፣ ድስቱና ሰሃኑ ከዕድሩ ዕቃ ቤት ይወጣል፤ ሴቶቹ እንጀራ ጋግረው ያመጣሉ፤ ሐዘንተኛው ብቻውን እንዳያድር ጎረቤት አብሮት ይተኛል። ይህን የሚያስፈጽም ዳኛ አለ፣ ጸሐፊ አለ፣ ገንዘብ ያዥ አለ። ቀብር ላይ ያልተገኘ አባል ስሙ በመዝገብ ተይዞ ይቀጣል። መንግሥት ሳያዝዘው፣ የውጭ ድርጅት ሳይረዳው፣ ሕዝቡ በራሱ መዋጮና በራሱ ደንብ ያቆመው ሥርዓት ነው። ልንኮራበት ይገባል።

ዛሬ ልናገር የመጣሁት ግን ከቀብሩ በፊት ስላሉት ዓመታት ነው። ሰው በሕይወት እያለ፣ ነገር ግን ያለ ሰው እርዳታ ከአልጋ መውረድ፣ መታጠብ፣ መጸዳጃ ቤት ደርሶ መመለስ፣ መድኃኒቱን በሰዓቱ መውሰድ አቅቶት ስለሚኖርባቸው ዓመታት። ሁለት ወይም ሦስት ሊሆኑ ይችላሉ፤ አሥር የሚሞሉም አሉ። ለእነዚህ ዓመታት ዳኛም ጸሐፊም የለንም። በአብዛኛው ቤት ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ያም ሰው ብዙ ጊዜ ሴት ልጅ ናት።

እንዲህ ስል «የኛ እኮ የወጣት አገር ነው፤ ይህ የአውሮፓና የጃፓን ጭንቀት ነው» የሚል መልስ እንደሚኖር አውቃለሁ። እውነት ነው፣ ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት በላይ የሆኑ ኢትዮጵያውያን ከመቶው አምስት ገደማ ቢሆኑ ነው። ነገር ግን ሕዝባችን ከ120 ሚሊዮን በላይ ስለሆነ ከመቶ አምስት ማለት ከ6 ሚሊዮን የማያንስ ሰው ነው፤ የዴንማርክን ጠቅላላ ሕዝብ ያህላል። ቁጥሩም በቆመበት አይቆምም። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በአገራችን ለሚወለድ ሕፃን 50 ዓመት እንኳ ይኖራል ተብሎ አይገመትም ነበር፤ ዛሬ ግምቱ ከ65 ዓመት አልፏል። አማካዩ ራሱ ያሳስታል፤ ዝቅ የሚያደርገው በሕፃንነት የሚቀጠፈው ነው። 60 ዓመት የደረሰ ኢትዮጵያዊ በአማካይ ከ70 ተሻግሮ ይኖራል። ይህ የክትባት፣ የወባ መከላከል፣ የንጹሕ ውኃና ቤት ለቤት የዞሩ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ድል ነው። ድሉን በደስታ ተቀብለናል፤ ከድሉ ጋር የመጣውን ሥራ ግን ገና አልተቀበልነውም።

አዲስ አበባን ለብቻዋ ስናያት ነገሩ ይበልጥ ይቀርባል። በ1992 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት መሠረት አንዲት የአዲስ አበባ ሴት በዕድሜዋ የምትወልደው በአማካይ 1.9 ልጅ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ጥናት ደግሞ 1.8 ሆነ። አንድ ትውልድ ራሱን ለመተካት 2.1 ገደማ ያስፈልገዋል። በዚያው በ1992 የአገሪቱ አማካይ 5.5 ስለነበረ የዋና ከተማዋ ቁጥር ከአገሩ ቁጥር ውስጥ ተሰውሮ ቀረ። በ1992 ሠላሳ ዓመቷ የነበረች እናት በ2032 ዓ.ም. ሰባ ይሞላታል። ያን ጊዜ የሚጦሯት አንድ ወይም ሁለት ልጆች ናቸው፤ ከሁለቱ አንዱ ምናልባት ባሕር ማዶ ነው። የእሷን እናት ግን ስድስትና ሰባት ልጆች ነበሩ የሚጦሯት፤ ጉልበቱም ወጪውም ይከፋፈል ነበር። ስለዚህ «እኛ ወላጆቻችንን እንጦራለን፣ ባህላችን ነው» ስንል እውነት እንናገራለን፤ ያ ባህል የቆመበት የልጆች ብዛት ግን ከሥሩ እየተነሣ ነው።

ፍጥነቱም ሌላ ጉዳይ ነው። ፈረንሳይ ውስጥ ከ65 ዓመት በላይ የሆኑት ከመቶ 7 ተነሥተው 14 እስኪደርሱ 115 ዓመት ፈጅቷል። ጃፓን ይህንኑ መንገድ እ.ኤ.አ. ከ1970 እስከ 1994 በ24 ዓመት ጨረሰችው። ፈረንሳዮች ለመዘጋጀት አራት ትውልድ ያህል ጊዜ ነበራቸው፤ ጃፓኖች አንድ። ዘግይቶ የጀመረ አገር በችኮላ ያረጃል፤ የእኛም አካሄድ ከሁለተኛው ወገን እንደሚሆን እገምታለሁ።

በዚህ ላይ የመኖሪያችን አኳኋን ተለውጧል። በ1990ዎቹ መጨረሻ መሠራት ከጀመሩት የጋራ መኖሪያ ቤቶች ብዙዎቹ አራት ፎቅ ሆነው ሊፍት የላቸውም። ጉልበታቸው የደከመ እናት አራተኛ ፎቅ ዕጣ ከደረሳቸው ከቤት የሚወጡት ለሆስፒታል ብቻ ይሆናል፤ ለዚያውም ሁለት ጎልማሶች ተሸክመዋቸው። ከልደታ፣ ከካዛንቺስ፣ ከፒያሳ ነባር ሰፈሮች ወደ ከተማው ዳር የተዛወሩ አዛውንቶች ደግሞ በር ሳይዘጋ ቡና የሚጠራሩበትን ጎረቤት አጥተዋል። ድሮ ልጅ ሥራ ሲሄድ እናቱን አደራ የሚላት ጎረቤት ነበረችው። ያቺ ጎረቤት ደመወዝ ያልተከፈላት ተንከባካቢ ነበረች፤ ቆጥረናት ስለማናውቅ መሄዷንም አላስተዋልንም።

አሁን ወደ ቤቱ እንግባ።

በከተሞቻችን ሰውን አልጋ ላይ ከሚጥሉት በሽታዎች ቀዳሚ ከሆኑት አንዱ ስትሮክ ነው፤ ከበስተጀርባውም ለዓመታት ያልታከመ የደም ግፊት አለ። አባት ሆስፒታል ይገባሉ፣ ነፍሳቸው ትተርፋለች፣ አንድ ጎናቸው አልታዘዝ ብሎ ወደ ቤት ይመለሳሉ። በእጃቸው የያዙት ወረቀት ላይ የመድኃኒት ስም ተጽፏል። እንዴት እንደሚገለበጡ፣ በምን አኳኋን እንደሚጎርሱ፣ ከአልጋ ወደ ወንበር እንዴት እንደሚዛወሩ ግን ለቤተሰቡ ቁጭ ብሎ ያሳየ ሰው በአብዛኛው የለም።

ራሳቸው መገላበጥ የማይችሉ ሰው ሁለት ሰዓት ሳያልፍ ጎን ሊቀየርላቸው ይገባል። በቀንና በሌሊት 12 ጊዜ ማለት ነው። ካልተገለበጡ አጥንት ቆዳን የሚጫንበት ቦታ፣ ዳሌው፣ የጀርባው መጨረሻ፣ ተረከዙ፣ ክርኑ፣ ደም አጥቶ መሞት ይጀምራል። በነጭ ቆዳ ላይ መጀመሪያ የሚታየው ቅላት ነው፤ በእኛ ቆዳ ላይ ግን ቅላቱ ጎልቶ ስለማይታይ በእጅ ዳብሶ ሙቀቱንና ጥንካሬውን ማወቅ ያስፈልጋል። ይህን ያልተማረች ልጅ ቁስሉን የምታየው ቆዳው ከተላጠ በኋላ ነው። ከዚያ ወደ ውስጥ ይሰምጣል፤ አጥንት የሚደርስበት ጊዜ አለ። ብዙ ሰው «በበሽታው ሞቱ» ሲባል በእውነት የሞተው በአልጋ ቁስል በገባ መመረዝ ነው። ይህ ቁስል በአብዛኛው መከላከል የሚቻል ነው፤ የሚጠይቀውም እጅ፣ ሰዓትና ጥቂት ዕውቀት ነው።

ጉርሻም እንዲሁ። በስትሮክ የተመቱ ሰው መዋጥ ሊቸግራቸው ይችላል። ተኝተው ከጎረሱ ወይም ውኃ ከተጋቱ የገባው ነገር ወደ ሳንባ ያልፍና የሳንባ ምች ያመጣል። ቀጥ ብለው ተቀምጠው፣ አገጫቸውን ወደ ደረታቸው ዝቅ አድርገው፣ በትንሽ በትንሹ ሊመገቡ፣ ከበሉም በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ሳይተኙ ሊቆዩ ይገባል። እኛ ደግሞ ፍቅራችንን የምንገልጸው በትልቅ ጉርሻ ነው። የምንወዳቸውን ሰው በፍቅር ልንጎዳቸው የምንችልበት ሁኔታ መኖሩን ማወቅ ከባድ ቢሆንም ማወቅ አለብን።

የመርሳት በሽታ ከሁሉም ይከብዳል። «ጃጁ» ብለን እናልፈዋለን። አእምሮን የሚያጠቃ በሽታ ነው፤ ሁሉም አረጋዊ አይይዘውም። እናት አንዱን ጥያቄ ደጋግመው ይጠይቃሉ፣ ሲመሽ ይረበሻሉ፣ ሠላሳ ዓመት በኖሩበት ቤት ውስጥ ቆመው «ወደ ቤቴ ውሰዱኝ» ይላሉ። ቀን ከሌት የምታጥባቸውንና የምታበላቸውን ልጅ «ገንዘቤን ሰረቀችኝ» ብለው ለጎረቤት ይከሳሉ። ልጅቱ ይህ የበሽታው ጠባይ መሆኑን የነገራት ከሌለ ልቧ ይሰበራል፤ ጎረቤቱም ያማታል። መተት ነው፣ ክፉ መንፈስ ነው የሚልም ይመጣል። ጸበል መውሰድ የምእመን መብት ነው፤ ከሐኪም ጋር አይጣላም። በሽተኛን ማሰርና መምታት ግን ሕክምና አይደለም። እናታችሁ የሟች ባላቸውን ስም እየጠሩ «የት ሄደ?» ሲሉ «ሞቷል እኮ!» ብሎ መከራከር በየቀኑ አዲስ መርዶ ማርዳት ነው። ስለ ባላቸው እንዲያወሩ መጠየቅ፣ ወሬውን ማስቀጠል፣ እጃቸውን መያዝ ይሻላል። ይህም የሚለመድ ሙያ ነው።

እዚህ ላይ ስለዚያች ልጅ ልናገር። ከወንድምና እህቶቿ አንዱ ዋሽንግተን ነው፣ አንዷ ዱባይ ናት፣ አንዱ ትዳር ይዞ ሐዋሳ ይኖራል። ገንዘብ ይልካሉ፤ ብዙዎቹ በታማኝነት ይልካሉ። እሷ ግን የምትሰጠው ቀኖቿን ነው። ሥራዋን ትተዋለች፣ ትምህርቷን ታቋርጣለች፣ ለትዳር የመጣላትን «እማዬን ማን ያያታል?» ብላ ትመልሳለች። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ልጆች ለተቸገሩ ወላጆቻቸው ቀለብ የመስጠት ግዴታ ጥሎባቸዋል፤ በቀለብ ውስጥም ምግብ፣ መጠለያ፣ ልብስና የጤና ወጪ ይገባሉ። ደግ ሕግ ነው። ሰዓት ግን በቀለብ ውስጥ አልተቆጠረም። እናት ሲያርፉ ኑዛዜ ከሌለ ውርሱ ለልጆች እኩል ይከፈላል፤ አሥር ዓመት ያስታመመችውም፣ በስልክ ደኅንነት የጠየቀውም ድርሻቸው አንድ ነው። ቤቱ ይሸጣል፣ እሷ በአርባ አምስት ዓመቷ ያለ ሥራ፣ ያለ ጡረታ ኪራይ ቤት ፍለጋ ትወጣለች። ይህን በደል የሚያደርሱት ክፉ ሰዎች አይደሉም። ማስታመምን ሥራ አድርጎ የሚቆጥር አሠራር ስለሌለን የሚደርስ በደል ነው። ለእሷ ሲሉ ኑዛዜ የሚጽፉ ወላጆች፣ በወር ከሚላከው ላይ ለእሷ ደመወዝ የሚቆርጡ ወንድሞችና እህቶች አሉ። ትክክል እየሠሩ ነው።

አቅም ያለው ቤት ሠራተኛ ይቀጥራል። ብዙ ጊዜ የምትቀጠረው ከገጠር የመጣች የአሥራ ሰባትና የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ናት። ወጥ መሥራትና ልብስ ማጠብ ላይ «እማማንም ታያቸዋለሽ» ተብሎ ይጨመርላታል። ከእሷ በክብደት የሚበልጡ ሰው እንድታነሣ፣ ሌሊት እንድትነቃ፣ ስድብ እንድትችል ይጠበቃል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የቤት ሠራተኞችን አይመለከትም፤ ስለዚህ የሥራ ሰዓትም የዕረፍት ቀንም በአሠሪዋ ደግነት ላይ የተመሠረተ ነው። ስትለቅ «ጨካኝ ናት» እንላለን።

የሚያስቆጨኝ ሙያው በወገኖቻችን እጅ መኖሩ ነው። በዋሽንግተንና በአካባቢው በአረጋውያን መኖሪያዎችና በየግለሰቡ ቤት አሜሪካውያን አዛውንቶችን የሚያጥቡ፣ የሚያበሉ፣ የሚያነሡ ኢትዮጵያውያን ብዙ ናቸው። በዓረብ አገሮች የቤት ሥራ ከሚሠሩ እህቶቻችንም ስንቶቹ የአሠሪያቸውን አሮጊት እናት አስታምመዋል። በአሜሪካ የፌዴራል ደንብ መሠረት በአረጋውያን መጦሪያ ረዳት ሆኖ ለመሥራት ቢያንስ 75 ሰዓት ሥልጠና ያስፈልጋል። 75 ሰዓት በቀን ስምንት ሰዓት ቢሰጥ ሁለት ሳምንት የሥራ ቀን አይሞላም። በዚህ አጭር ጊዜ ውስጥ ሰው እንዴት እንደሚነሣ፣ እንደሚገለበጥ፣ እንደሚታጠብ፣ እንደሚመገብ ይማሩታል። እነዚህ ሴቶች ለዕረፍት ሲመጡ፣ ወይም ጠቅልለው ሲመለሱ፣ ያን ሙያ እንዲያስተምሩ የጠየቃቸው የለም። ከስደት ተመላሽ ስትሆን የምትጠየቀው ስንት ብር ይዘሽ መጣሽ ነው።

የጃፓንን ነገር ትንሽ ሰፋ አድርጌ ላውራ፤ የምናስበው ስሕተት ሁሉ ቀድሞ የተሠራው እዚያ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1972 ሳዋኮ አሪዮሺ የተባለች ደራሲ የመርሳት በሽታ ስለያዛቸው አዛውንትና ስለሚያስታምሟቸው ምራታቸው ልብ ወለድ አሳተመች። ምራቲቱ ሥራ ያላት ሴት ናት፤ ሸክሙ ግን ከእሷ አይወርድም። መጽሐፉ ከሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ፤ በየቤቱ ተሸሽጎ የነበረውን ነገር አደባባይ አወጣው። በተከታዩ ዓመት የጃፓን መንግሥት ከ70 ዓመት በላይ ለሆኑት ሕክምናን በነጻ አደረገ። መልካም ሐሳብ ነበር፤ ነገር ግን ሕክምና እንጂ እንክብካቤ ስላልተሰጠ፣ ቤት የሚያያቸው ያጡ አዛውንቶች ሆስፒታል ገብተው እዚያው መኖር ጀመሩ። ሐኪም የማያስፈልገው ሰው ለወራትና ለዓመታት የሐኪም አልጋ ያዘ። ወጪው ስለናረ ነጻ ሕክምናው እ.ኤ.አ. በ1983 ቀረ።

ከብዙ ክርክር በኋላ እ.ኤ.አ. በ1997 ሕግ ወጣ፤ ሚያዝያ 2000 ሥራ ላይ ዋለ። የረጅም ጊዜ እንክብካቤ መድን ነው። ሰው 40 ዓመት ሲሞላው መዋጮ መክፈል ይጀምራል። ገንዘቡ ከተጠቃሚው ክፍያ ውጭ ግማሹ ከመዋጮ፣ ግማሹ ከታክስ ይመጣል፤ የሚያስተዳድረው የአካባቢው ማዘጋጃ ቤት ነው። እርዳታ የሚያስፈልገው ሰው ሲያመለክት መርማሪ ቤቱ ድረስ ሄዶ በ74 ጥያቄዎች ይመዝነዋል፦ መገላበጥ ይችላል? ብቻውን ይለብሳል? ስሙን ያስታውሳል? በውጤቱ መሠረት ከሰባት ደረጃዎች በአንዱ ይመደባል፤ ባለሙያ ከቤተሰቡ ጋር ተቀምጦ የሳምንቱን ዕቅድ ያወጣል፦ ሰኞና ሐሙስ አጣቢ ቤት ትመጣለች፤ ማክሰኞ አዛውንቱ በመኪና ተወስደው የቀን ማዕከል ይውላሉ፤ በወር ጥቂት ቀን ቤተሰቡ እንዲያርፍ ሌላ ቦታ ያድራሉ። መጀመሪያ ላይ ሁሉም ተጠቃሚ ከወጪው አንድ አሥረኛውን ይከፍል ነበር፤ ኋላ ገቢያቸው ከፍ ያለው እስከ ሦስት አሥረኛ እንዲከፍሉ ተደረገ።

በክርክሩ ወቅት ከተነሡት ጥያቄዎች አንዱ ለእኛም ይሆናል። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1995 ተመሳሳይ መድን ስትጀምር ዘመዱን ቤት የሚያስታምም ቤተሰብ ከፈለገ ገንዘብ እንዲቀበል ፈቀደች። ጃፓን ግን ገንዘብ ላለመስጠት ወሰነች። ኬይኮ ሂጉቺን የመሰሉ የሴቶች መብት ተሟጋቾች ገንዘብ መስጠትን አጥብቀው ተቃውመው ነበር፦ ገንዘቡ ከተሰጠ ምራቲቱ «ተከፍሎልሻል» ተብላ ለዘለዓለም አልጋው ሥር ትታሰራለች፤ እኛ የምንፈልገው የሚያግዛት እጅ እንዲመጣ ነው አሉ። በዚህ ፍርድ ከጃፓኖቹ ሴቶች ጋር ነኝ። እኛም ገንዘብ ብቻ ስንልክ የኖርነው ልጅቷን አላሳረፋትም።

ሥርዓቱ ርካሽ አይደለም። ከ65 ዓመት በላይ ያለ ሰው በአማካይ በወር የሚከፍለው መዋጮ እ.ኤ.አ. በ2000 ከነበረበት 2,911 የን በ2024 ወደ 6,225 አድጓል። ይህ ሁሉ እያለ በየዓመቱ ወደ መቶ ሺህ የሚጠጋ ሰው ቤተሰቡን ለማስታመም ሥራውን ይለቃል። የአስታማሚ ሠራተኛ እጥረትም አለ፤ ከውጭ ያስመጣሉ። ሀብታም አገር፣ ከኻያ አምስት ዓመት ልምድ በኋላ፣ ገና አልጨረሰችውም። ታዲያ እኛ ዛሬ ብንጀምር ቸኩለናል የሚል ካለ ይህን ያስብ።

ምን አለን? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን ለመርዳት ሀብት እንዲመድብ ያዛል። ጡረታ አለ፤ ሠራተኛው 7፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ፤ ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ የግል ድርጅት ሠራተኞችም ገብተዋል። ገበሬው፣ ጉልት ነጋዴዋ፣ የቀን ሠራተኛውና የቤት እመቤቷ ግን ከዚህ ውጭ ናቸው፤ እነሱም የሕዝቡ አብዛኛው ክፍል ናቸው። የሴፍቲኔት መርሐ ግብር ሠርተው መብላት ለማይችሉ ድሆች፣ አረጋውያንን ጨምሮ፣ ቀጥታ ድጋፍ ይሰጣል። የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ ዛሬ በመላ አገሪቱ ተስፋፍቷል፤ ሰው ገና ሳይታመም ለሌላው ማዋጣትን እንደሚቀበል አስመስክሯል። የሚሸፍነው ግን የጤና ተቋም ሕክምናን ነው፤ ቤት መጥታ የምታጥብ እጅ በውስጡ የለችም። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ከ30 ሺህ በላይ ሴቶችን በየቀበሌው አሰማርቷል፤ ትኩረቱ እናቶችና ሕፃናት፣ ንጽሕናና ተላላፊ በሽታ ነበር፤ በጊዜው ትክክል ነበር። አሁን እነዚህ ሴቶች ደም ግፊት ከመለካት ባሻገር የአልጋ ቁስል መከላከልን፣ መገላበጥንና መመገብን ለቤተሰብ እንዲያሳዩ ማድረግ አዲስ መሥሪያ ቤት ማቋቋም አይጠይቅም።

መቄዶንያም አለ። ቢኒያም በለጠ በ2002 ዓ.ም. የጀመረው ማዕከል ዛሬ በሺዎች የሚቆጠሩ አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን ከጎዳና አንሥቶ ይጦራል። ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው የሚለው መፈክሩ ስንቱን ልብ አነሣስቷል። ግን አንድ ማዕከል ለአንድ አገር አይበቃም፤ ደግሞም አብዛኛው አረጋዊ መኖርና መሞት የሚፈልገው በገዛ ቤቱ ነው። ለወደቀው የሚያነሣው ያስፈልጋል፤ ላልወደቀው ደግሞ ቤቱ እንዳለ የሚደርስለት።

ስለዚህ ወደ ዕድር እመለሳለሁ። ዕድር በአገራችን ከገንዘብ ሌላ የአባሉን ጊዜ በደንብ ከሚጠይቁ ጥቂት ተቋማት አንዱ ነው። ቀብር ካልመጣህ ትቀጣለህ፤ ተራህ ሲደርስ ድንኳን ትተክላለህ። እንክብካቤ ከሁሉ በላይ የሚጠይቀው ይህንኑ ጊዜ ነው። ዕድሮች ከቀብር ውጭ ሊሠሩ አይችሉም የሚል ካለ፣ በ1990ዎቹ ኤች አይ ቪ ቤቶችን ባዶ ሲያደርግ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ያሉ ዕድሮች ያደረጉትን ያስታውስ። መድኃኒቱ ሳይዳረስ፣ ሰው በሽተኛውን ለመንካት ሲፈራ፣ ዕድሮች በጎ ፈቃደኞች አሠልጥነው ቤት ለቤት አስታምመዋል። ቁስል አጥበዋል፣ አጉርሰዋል፣ ወላጅ አልባ ሕፃናት ደግፈዋል። ደንባቸውንም ለዚሁ ያሻሻሉ ነበሩ።

ዛሬም ዕድሮቻችንን ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ የዕድር ዕቃ ቤት ድንኳን፣ ወንበርና ድስት አለው። እዚያው ላይ አንድ ተሽከርካሪ ወንበር፣ አንድ የመራመጃ ድጋፍ፣ አንድ የመጸዳጃ ወንበር፣ አንድ ለአልጋ ቁስል መከላከያ የሚሆን ፍራሽ ቢጨመር አንድ ቤት ሲጨርስ ለሌላው ይተላለፋል። እነዚህን ዕቃዎች አሁን ቤተሰብ በውድ ይገዛል፤ አባት ሲያርፉ ቆጥ ላይ ተሰቅለው ይቀራሉ። ሁለተኛ፣ ከአባላቱ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች፣ ወንዶችም ጭምር፣ በአቅራቢያው ካለው ጤና ጣቢያ ነርስ መሠረታዊውን ሙያ ይማሩና አዲስ በሽተኛ ወዳለበት ቤት ሄደው ያሳዩ። ሦስተኛው ከሁሉም ይበልጥብኛል፦ ለቀብር ተራ እንዳለ፣ በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ከአረጋዊው ጋር ለመቀመጥ ተራ ይውጣ። ልጅቱ ፀጉሯን እንድትሠራ፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ እንድትሄድ፣ ወይም ዝም ብላ እንድትተኛ። በሳምንት አራት ሰዓት ማለት ነው።

ዕድር የመንግሥትን ሥራ ሊተካ አይችልም። ለዓመታት አልጋ ላይ ለሚቆይ ሰው በቂ ባለሙያ፣ የሚተማመኑበት የክፍያ ሥርዓት፣ ለአስታማሚ ጡረታ፣ ለቤት ሠራተኛ ሕግ፣ ለአዳዲስ ሕንጻዎች ሊፍት ወይም ለአረጋውያን የምድር ቤት ቅድሚያ ያስፈልጋል፤ እነዚህ የምክር ቤትና የበጀት ጉዳዮች ናቸው። የእንክብካቤ መድን በጤና መድኑ ላይ ተጨምሮ ቢጀመር፣ ሕዝቡ ገና ወጣት በሆነበት በዚህ ጊዜ የእያንዳንዱ መዋጮ ትንሽ ይሆናል፤ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ግን ከፋዩ ያንሳል፣ ተቀባዩ ይበዛል። ለዚህ ነው ጊዜው አሁን ነው የምለው።

በዚህ አዳራሽ ካላችሁት የዕድር አባል ያልሆነ ጥቂት ነው። በሚቀጥለው ወርሃዊ ስብሰባ፣ መዋጮው ተሰብስቦ ካለቀ በኋላ፣ እጃችሁን አንሡና አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ በዚህ ዕድር ውስጥ ዛሬ ከአልጋ መውረድ የማይችል ስንት ሰው አለ? የሚያስታምመውስ ማን ነው? ጸሐፊው የሁለቱንም ስም በመዝገቡ ላይ ይጻፍ።